ሜካኒኩ «ምን ነክተህ ነበር?» ሲል

የዛሬው ዝግጅታችን መኪናቸውን በራሳቸው እጅ ለሚጠግኑ፣ ለመጠገን ለሚያስቡ፣ እንዲሁም ሊጠግኑ ብለው አበላሽተው እስከ ዛሬ ለማንም ትንፍሽ ላላሉ ሰዎች ነው። የመጨረሻዎቹ ቁጥራቸው ቀላል እንዳልሆነ ጋራዥ ውስጥ የዋለ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአዲስ አበባ መንደሮች ውስጥ እለፉ፤ ግቢ በር ላይ ኮፈን ከፍቶ ያጎነበሰ ሰው አታጡም። መኪናዋ ኮሮላ ናት፣ ወይም ቪትዝ፣ አንዳንዴም ከባለቤቷ ዕድሜ የማትተናነስ ዲኤክስ። ስልክ ባትሪው ጎን ተደግፎ ዩቲዩብ ያስተምራል፤ ልጅ መፍቻ ያቀብላል፤ ጎረቤት ቆሞ ያልተጠየቀውን ይመክራል። ይህን ሰው ለምን ጋራዥ አልሄድክም ብዬ አልወቅሰውም። ጋራዥ ወረፋ አለው፣ የእጅ ዋጋ አለው፤ አንዳንዱ ጋራዥ ደግሞ ለፊልትሮ ቅያሪ የገባችለትን መኪና ሌላ ሕመም አስይዞ ይመልሳታል። ሰው የገዛ መኪናውን ሆድ ዕቃ ማወቁም ደግ ነገር ነው።

ነገሩ የሚከፋው እጃችን ካበላሸ በኋላ ነው። ኀፍረት ይመጣል፤ ኀፍረቱ ደግሞ ዝም ያሰኛል። ዛሬ የማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ በጊዜው ቢነገሩ ርካሽ ናቸው። ውድ የሚሆኑት «በራሷ ቆመች» ሲባል ነው።

ከዘይት እንጀምር። ሰው በራሱ እጅ መሥራት የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከዘይት ቅያሪ ነው። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው፤ ከሥር ብሎኑን መፍታት፣ አሮጌውን ማውረድ፣ ፊልትሮውን መቀየር፣ ብሎኑን መመለስ፣ ከላይ አዲሱን መሙላት። እንግዲህ አንድ ሰው እንውሰድ። መኪናው አውቶማቲክ ናት። እንደ ብዙዎቹ የቤት መኪናዎች ኃይሏ በፊት ጎማ ነው፤ ሞተሩና ካምቢዮው ከፊት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሁለቱም የየራሳቸው ዘይት፣ ከሥራቸውም የየራሳቸው መልቀቂያ ብሎን አላቸው። ሰውየው ከሥር ተንጋልሎ ገባና መጀመሪያ ዓይኑ ያረፈበትን ብሎን ፈታ። ቀላ ያለ፣ ቀጠን ያለ ዘይት ወረደለት። «ይህን ያህል ጊዜ ስነዳት እንዴት አልቆሸሸም!» ብሎ ተደነቀ እንጂ አልጠረጠረም። ብሎኑን መለሰና ከላይ 4 ሊትር አዲስ የሞተር ዘይት ሞላ።

እስቲ አሁን ያደረገውን ቁጠሩለት። የሞተሩ አሮጌ ዘይት አልወረደም፤ በላዩ ላይ ሌላ 4 ሊትር ተጨመረበት። የወረደው የካምቢዮው ዘይት ነው፤ ካምቢዮው ባዶውን ቀርቷል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ደግሞ ዘይቱን ለማለስለሻ ብቻ አይጠቀምበትም፤ ኃይሉን ከሞተር ወደ ጎማ የሚያሻግረውም፣ ማርሽ የሚቀይረውም በዚያው ዘይት ግፊት ነው። መኪናዋ ትንሽ ትሄዳለች፣ ከዚያ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይዞርም። በሌላ በኩል ሞተሩ ውስጥ የበዛውን ዘይት ኮሎው፣ ማለትም ፒስተኖቹን የሚያዞረው ዋናው ዘንግ፣ እየመታ አረፋ ያደርገዋል። አረፋ የሆነ ዘይት ብረትን ከብረት መለየት አይችልም፤ የተረፈው በማርሚታ በኩል ሰማያዊ ጭስ ሆኖ ይወጣል።

መኪናዋ ተጎትታ ጋራዥ ደረሰች። ሜካኒኩ ኮፈኑን ሳይከፍት ይጠይቃል።

«ወንድሜ፣ ምን ነክተህ ነበር?»

«ኧረ ምንም አልነካሁም! ስነዳ ስነዳ በራሷ ቆመች።»

ካምቢዮ በራሱ ቆመ የተባለ ሜካኒክ ደግሞ ምን ያደርጋል? ካምቢዮውን ሊያወርድ ይነሣል። ሥራው ቀናት ይፈጃል፤ ሶማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ ካምቢዮ ማፈላለግ ይመጣል። ሰውየው «ዘይት ቀይሬ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ነው» ብሎ ቢሆን ኖሮ ሜካኒኩ መጀመሪያ የሚመዘው የሁለቱን ዘይት መለኪያ ዘንግ ነው፤ ነገሩም በደቂቃዎች ውስጥ ይገለጥ ነበር። ካምቢዮው ባዶውን ብዙ ካልተነዳ፣ የሞተሩን አፍስሶ፣ ለካምቢዮው ትክክለኛውን ሞልቶ የመትረፍ ዕድል አለው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲሉ አባቶቻችን መኪና አላዩም ነበር፤ ለጋራዥ ግን ልክ ተሰፍቶ የተሰጠ ይመስላል።

ይህን ስህተት ማስቀረት የሚቻለው እንዲህ ነው። የሞተር ዘይት ብዙ ከተነዳበት በኋላ ቡናማ ወይም ጥቁር ነው። ቀይ ወይም ሮዝ የሚመስል ዘይት ሲወርድ ካያችሁ ብሎኑን ወዲያው መልሱ። ከዚህም የሚሻለው፣ አዲስ ዘይት ከመሙላታችሁ በፊት የሞተሩን መለኪያ ዘንግ መዝዞ ማየት ነው። ሞተሩ በእርግጥ ከተራገፈ ዘንጉ ጫፍ ላይ ዘይት አይኖርም። አሁንም ዘይት ካሳያችሁ የፈታችሁት የሌላውን ነው። ይህች አንዲት ማረጋገጫ ምንም አታስወጣም፤ የሚያደርጋት ሰው ግን ጥቂት ነው።

ፊልትሮውም የራሱ ወጥመድ አለው። በጠርዙ ዙሪያ ጥቁር የጎማ ቀለበት አለ። አሮጌው ፊልትሮ ሲፈታ ቀለበቱ አንዳንዴ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። አዲሱ የራሱን ቀለበት ይዞ በላዩ ሲገጠም ሁለት ጎማ ይደራረባል። መኪናዋ ስትነሣ ትንሽ ይይዛል። ግፊቱ ሲጨምር ግን ይንሸራተትና ዘይቱ በጥቂት ጊዜ ውስጥ አስፋልት ላይ ያልቃል። ያ ሰውም ለሜካኒኩ የሚናገረው «ፊልትሮው የማይረባ ነበር» የሚል ነው፤ የፊልትሮ ሻጩም ሳያጠፋ ይታማል። መፍትሔው አሮጌውን ፊልትሮ ገልብጦ ቀለበቱ አብሮት መውጣቱን ማየት ነው።

ከሥር ያለውን የመልቀቂያ ብሎን በተመለከተ ደግሞ የሚበዛው ስህተት ከጉልበት የሚመጣ ነው። እንዳያፈስ ብሎ ባለ በሌለ ኃይሉ የሚያጠብቅ ሰው አለ። በብዙ የቶዮታ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ይህ ብሎን የሚፈልገው ወደ 37 ኒውተን ሜትር ነው። በቀላሉ ስንናገረው፣ 25 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው መፍቻ ጫፍ ላይ 15 ኪሎ ያህል ግፊት ማለት ነው። ጤነኛ ሰው በአንድ ክንዱ፣ ሳያቃስት የሚያደርገው ነው። ካቃሰታችሁ አልፋችሁታል። የዘይት መያዣው አሉሚኒየም ከሆነ ጥርሱ ይበላል፤ ያን ጊዜ ብሎኑ ይዞራል ይዞራል፣ አይጠብቅም፣ አይወጣምም። ካንዴላም እንዲሁ ነው። ካንዴላ በመፍቻ አይጀመርም፤ መጀመሪያ በጣት ይዞራል። ቦታው ጥልቅ ሆኖ ጣት ካልደረሰ፣ ቀጭን የጎማ ቱቦ በካንዴላው ጭራ ላይ ሰክታችሁ በእሱ አዙሩት። ጠማማ ከገባ ቱቦው በእጃችሁ ላይ ይሾራል እንጂ የቴስታታውን ጥርስ ለመብላት ጉልበት የለውም። ሞተሩ ትኩስ ሳለም አትንኩት፤ ሲቀዘቅዝ ነው ካንዴላ የሚፈታው። የካንዴላ ገመዶቹንም አንድ በአንድ ነቅላችሁ አንድ በአንድ መልሱ። አራቱንም አንዴ ነቅሎ ጥሎ ኋላ የትኛው የት እንደነበር የጠፋበት ሰው፣ መኪናዋ ስትስልና በማርሚታ ስትተኩስ መንደሩን ሁሉ ያሰማል።

አሁን ወደ ፍሬን እንለፍ፤ እዚህ ላይ ሣቁን ትንሽ ላቆመው። አንድ ሰው የፍሬን ዘይቱ ከምልክቱ በታች ወርዶ ያያል። ቤቱ ውስጥ የመሪ ዘይት ተርፎታል፣ ወይም የሞተር ዘይት። «ዘይት ዘይት ነው» ይልና ይጨምራል። ዘይት ግን ዘይት አይደለም። የፍሬን ዘይት የምንለው ፈሳሽ ከነዳጅ ዘይት የተሠራ አይደለም። ክዳኑ ላይ ዶት 3 ወይም ዶት 4 የሚል ጽሑፍ አለው፤ የፍሬኑ ውስጥ ጎማዎችም የተሠሩት ይህን ብቻ እንዲችሉ ነው። የሞተር ወይም የመሪ ዘይት ሲነካቸው ያብጣሉ። ያበጠ ጎማ ፒስተኑን ይይዛል፤ ፍሬኑ አልለቅ ይላል፣ ጎማው ይግላል፣ ከዚያም የውስጥ ጎማዎቹ ሲላሉና ሲቀደዱ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይወርዳል። ክፋቱ ይህ ሁሉ በዚያው ዕለት አለመታየቱ ነው። መኪናዋ ለጥቂት ጊዜ ደህና ትሄዳለች፤ ሰውየውም ያደረገውን ይረሳል፣ ወይም እንደረሳ ይሆናል።

እንዲህ ያለ ነገር ያደረጋችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ስሙኝ። ጨምራችሁ ፔዳሉን ገና ካልረገጣችሁ፣ አትርገጡ። ሞተሩንም አታስነሡ። ሜካኒክ ጠርታችሁ የሆነውን እንዳለ ንገሩት። ፈሳሹ ከላይኛው ዕቃ ገና ካልወረደ ቀድቶ አውጥቶ፣ አጥቦ የማዳን ተስፋ አለ። ረግጣችሁ ነድታችሁ ከሆነ ግን ፈሳሹ በቱቦው ሁሉ ደርሷልና፣ የነካቸው የጎማ ክፍሎች በሙሉ መቀየር አለባቸው። የጨመራችሁት ምን እንደሆነ ከጠፋባችሁ ቤት ውስጥ የሚሠራ ፈተና አለ፤ ከዕቃው ጥቂት ጠብታ ቀድታችሁ በውሃ ብርጭቆ ውስጥ ጣሉት። ዶት 3 እና ዶት 4 ውሃ ውስጥ ይሟሟሉ። ከላይ የሚንሳፈፍ ዘይት ካያችሁ ነገሩ ተበላሽቷል።

የፍሬን ዘይት ሲጎድል ዝም ብሎ መጨመርም ራሱ ጥያቄ ያስነሣል። ፍሬን ዘይት አይበላም። የሚጎድለው ወይ አንድ ቦታ እያፈሰሰ ነው፣ ወይ ሸራው እያለቀ ፒስተኑ ወደ ውጭ ስለሚወጣ ነው። ስለዚህ የጎደለ ዘይት ሸራ እዩ የሚል መልእክት ነው። ሳያይ የሞላ ሰው፣ ኋላ አዲስ ሸራ ሲያስገባና ፒስተኑን ሲገፋው፣ ትርፉ ዘይት ከላይ ሞልቶ ይፈስሳል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ቀለም ይልጣል፤ ወዲያው በውሃ ካልታጠበ ፓራፋንጎው ይቆስላል።

ሸራን ገልብጦ መግጠምም ይደረጋል፤ ለማመን ቢከብድም። ሸራው ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ ብረት፣ አንዱ የሚሻሸው ክፍል። ብረቱን ወደ ዲስክ አድርጎ የገጠመ ሰው መኪናዋን ሲያቆማት የሚሰማው ድምፅ ጥርስ ያፋጫል። «አዲስ ሸራ መጀመሪያ ይጮኻል፣ ኋላ ይለምዳል» ብሎ ራሱን አጽናንቶ ከቀጠለ ዲስኩንም ይበላዋል። ስለ ሸራ ካነሣን አንድ ልጨምር፤ ሸራ ከተቀየረ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት እርግጫዎች ባዶ ናቸው፤ ፒስተኑ ወደ ኋላ ተገፍቶ ስለነበር ፔዳሉ ወለል ይነካል። ስለዚህ ሞተር ከማስነሣታችሁ በፊት፣ መኪናዋ በቆመችበት፣ ፔዳሉ እስኪጠና ደጋግማችሁ ርገጡ። ይህን ሳያደርግ ከግቢው ሊወጣ ሲል የራሱን የቆርቆሮ በር ይዞ የወጣ ሰው፣ ለሚስቱ የሚሰጠው ማብራሪያ ከጥገናው ይበልጥ ይከብደዋል።

ስለ ክሪክ ብዙ አላወራም፤ ብዙ ማውራት የሚያስፈልገው ነገርም አይደለም። በክሪክ ብቻ ከተነሣች መኪና ሥር አይገባም። ክሪክ ለማንሣት ነው፤ ለመያዝ ካቫሌቶ አለ። ካቫሌቶ ከሌለ ሥራው ይቆይ። ድንጋይ ወይም ብሎኬት ደርድሮ መግባት ሞት ነው፤ ብሎኬት ሳይናገር በአንዴ ይፈረካከሳል። አፈር ላይ ከሆናችሁ ከክሪኩ ሥር ጠንካራ ጣውላ አድርጉ፤ ያልተነሡትን ጎማዎችም በታኮ ያዙ። ሌላው ደግሞ የጎማውን ዳዶ መኪናዋ ሳትነሣ አላልታችሁ ነው የምታነሷት፤ ተነሥታ ስትታገሏት ከክሪኩ ላይ ትወርዳለች።

ዳዶ ስንመልስ ሾጣጣ ጎኑ ወደ ቸርኬው ይዙር፤ ገልብጠው የሚገጥሙ አሉና። ማጥበቅም በመስቀለኛ ነው፤ አንዱን ከጠበቀ ፊት ለፊቱ ያለውን። በብዙዎቹ የቶዮታ የቤት መኪናዎች ላይ መጠኑ 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ መፍቻው ላይ ወጥቶ መዝለል የሚባለው የጎሚስታ ልማድ ከዚህ እጅግ ያልፋል። አንዳንድ ጎበዝ እንዲህ አጥብቆ ይሄድና፣ መንገድ ላይ ጎማ ሲተነፍስበት የራሱን ዳዶ መፍታት ያቅተዋል።

ራዲያተር ላይ ስንደርስ የአዲስ አበባ ሰው ከሌላው የተለየ ምክንያት አለው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። ጅቡቲ ወደብ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲፈላ፣ አዲስ አበባ ላይ በ92 ገደማ ይፈላል። የሞተር ውሃ በጤናው ጊዜ የሚሠራበት ሙቀትም ከ80ዎቹ አጋማሽ እስከ 90ዎቹ አጋማሽ ነው። እንግዲህ አስተውሉ፤ ክዳኑ ባይይዘው ኖሮ መኪናችን ሳትታመም፣ በጤናዋ፣ ትፈላ ነበር። የራዲያተር ክዳን ቆብ ብቻ አይደለም፤ ውስጡ ሞላ ያለው የግፊት ጠባቂ ነው። ከውጭው አየር በላይ ወደ 0.9 ባር የሚሆን ግፊት ስለሚይዝ፣ በእኛ ከፍታም ውሃው ሳይፈላ ከ110 ዲግሪ በላይ መታገሥ ይችላል። ሞላው የደከመን ክዳን በሌላ ባገኘው ክዳን፣ ወይም በላስቲክና በጨርቅ የሚተካ ሰው፣ ኋላ ፓምፕ ሲቀይር፣ ራዲያተር ሲያሳጥብ ይኖራል፤ መኪናዋ መፍላቷን ግን አትተውም።

ትኩስ ሳለ ክዳኑን መክፈትም እንደዚያው ነው። ግፊቱ ሲለቀቅ ያ ከ100 ዲግሪ በላይ የነበረ ውሃ በዚያችው ቅጽበት ይፈላና ፊትና ደረት ላይ ይፈነዳል። መኪናዋ ፈልታ ከቆመች ሞተሩን አጥፍታችሁ ጠብቁ። ግማሽ ሰዓት ረጅም ነው ብላችሁ አትነጫነጩ። ላይኛው ቱቦ በእጅ ሲጨበጥ ለስላሳ ከሆነና ካልፈጀ በኋላ፣ በጨርቅ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። የጋለ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉበት፤ ቴስታታው ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል፣ ጓርኒሲዮኑም ይቃጠላል።

በዚህ ላይ አንድ የመንደር ጥበብ አለ፤ «ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው፣ ትቀዘቅዛለች» የሚል። ብዙ ሰው አውጥቶታል፤ አንዳንድ ጋራዥም ያወጣል። ቴርሞስታት የውሃውን መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋ በር ነው። ሲወጣ ሞተሩ ጠዋት ጠዋት ቶሎ አይሞቅም፤ ነዳጅ ይበላል። በአንዳንድ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ደግሞ ያው ቴርሞስታት ሲከፈት በሌላ ጫፉ አቋራጩን መንገድ ይዘጋ ነበር። እሱ ሲወጣ አቋራጩ ክፍት ይቀራል፤ ትኩሱ ውሃ ራዲያተር ሳይደርስ ወደ ሞተሩ ይመለሳል፤ እንዲቀዘቅዝ የተደረገው ሞተር ዳገት ላይ ይግላል። ቴርሞስታቱ መውጣቱን ለቀጣዩ ሜካኒክ የሚነግረው ከሌለ፣ ያ ምስኪን ከራዲያተሩ ጀምሮ ሁሉንም ሊያዳርስ ነው።

ኤሌክትሪክን በአጭሩ። ባትሪ ሲፈታ መጀመሪያ ኔጋቲቩ፤ ሲገጠም መጨረሻ ኔጋቲቩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የመኪናዋ አካል ሁሉ ከኔጋቲቭ ጋር የተያያዘ ነው። ፖዘቲቩን መጀመሪያ የምትፈቱ ከሆነ፣ መፍቻችሁ በስህተት ብረት ሲነካ ባትሪው በመፍቻው በኩል ይዘጋል፤ መፍቻው ቀልቶ ይጣበቃል። ቀለበትና የብረት ሰዓት አውልቁ። በኬብል ከሌላ መኪና ስታስነሡም የመጨረሻውን ኔጋቲቭ ባትሪው ላይ አትያዙት፤ ከባትሪው ራቅ ያለ የሞተር ብረት ላይ ያዙት። ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጂን ይወጣዋል፣ የመጨረሻው ንክኪ ደግሞ ብልጭ ይላል። የተቃጠለ ፊውዝን በሲጋራ ፓኮ ብራማ ወረቀት ወይም በሽቦ መተካት ደግሞ አሁንም ያልጠፋ ልማድ ነው። ፊውዝ የሚቃጠለው ገመዱ እንዳይቃጠል ብሎ ነው። ቀለማቸውን እወቁ፤ ቀይ 10፣ ሰማያዊ 15፣ ቢጫ 20፣ አረንጓዴ 30 አምፔር ነው። በ10 ቦታ 30 ያስገባ ሰው ፊውዙን አድኖ መኪናውን ለእሳት ሰጠ ማለት ነው።

እስካሁን ያወራነው እውነተኛ ብልሽት ስላለባቸው መኪናዎች ነው። ምንም ሳይሆኑ የተፈቱም አሉ። አውቶማቲክ መኪና ማርሹ ዲ ላይ እያለ አትነሣም፤ እንዳትነሣ ተደርጋ ነው የተሠራችው። ቁልፍ ሲዞር ጸጥ ትላለች። ይህን ጸጥታ ሰምቶ ሞተሪኖውን ፈትቶ፣ አውርዶ፣ መርካቶ የወሰደ ሰው ምን ይባላል? ሞተሪኖው ሲፈተሽ እንደ አዲስ ይሽከረከራል። የነዳጅ መለኪያው የተበላሸ መኪና ያለውና ቤንዚን ማለቁን ሳያስብ ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ፓምፕ በየተራ የቀየረም አለ። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ድሬዳዋ ወይም አዋሽ ሲወርድ ኤሲ ይከፍታል። ሲያቆማት ከተሳፋሪው በኩል ውሃ ይንጠባጠባል። ራዲያተር ተቀደደ ብሎ ይደነግጣል። ንጹሕ፣ ሽታ የሌለው፣ ቀለም የሌለው ውሃ ከሆነ ኤሲው ከአየሩ የጠረገው ጤዛ ነው፤ ይንጠባጠብ፣ ሥራው ነው። አረንጓዴ ወይም ቀይ ሆኖ ጣፋጭ ሽታ ካለው ያኔ ስለ ራዲያተር እንነጋገራለን።

ቤንዚን በቱቦ በአፍ ስቦ መቅዳትን ለቀልድ ላነሣው አስቤ ነበር፤ ግን አያስቅም። የሚያስፈራው ሆድ መግባቱ ብቻ አይደለም፤ ጥቂት ጠብታ ወደ ሳንባ ከገባች ከባድ የሳንባ ቁስለት ታመጣለች። ይህ የደረሰበትን ሰው አታስመልሱት፤ ሲወጣ ዳግም ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ወተት አጠጡት የሚለውንም ተዉት። ካሳለው ወይም ትንፋሹ ከከበደው ወዲያው ሐኪም ቤት ውሰዱት፤ ለሐኪሙም ቤንዚን መሆኑን ንገሩ። እዚያም ሰዎች ያፍሩና «ምግብ ነው» ይላሉ።

ከመሰናበቴ በፊት ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ባለቤቶች ላንሣ፤ ቁጥራቸው እየበዛ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ኮፈን የሚከፍተው ሰው ፊት ለፊት የሚያየው ሌላ ዓለም ነው። ዘይት የሚቀየርለት ሞተር የለም፤ ካንዴላ የለም። ብርቱካናማ ወፍራም ገመዶች አሉ። እነዚህን አትንኩ። በአብዛኞቹ መኪናዎች ውስጥ የሚያልፍባቸው ከ300 ቮልት በላይ ነው። መኪናዋ ከጠፋች በኋላም በውስጧ ለደቂቃዎች የሚቆይ ኃይል አለ። እዚህ ላይ በራስ እጅ መጠገን የሚባል ነገር የለም፤ የሠለጠነና ጓንትና መሣሪያ ያለው ባለሙያ ብቻ ነው።

ሆኖም ከእነዚህ መኪናዎች ጋር የመጣ አንድ አዲስ ድንጋጤ አለ። ጠዋት ሲነሡ በሩ በርቀት ቁልፉ አልከፈት ይላል። በብረት ቁልፉ ሲከፈት ስክሪኑ ጨለማ ነው። ቻርጅ ሲሰካ አይቀበልም። ባለቤቱ ትልቁ ባትሪ ሞተ ብሎ ዓለም ይዞርበታል፤ ያ ባትሪ ከመኪናዋ ሁሉ ውዱ ክፍል ነውና። ብዙ ጊዜ ግን የሞተው ትንሹ፣ 12 ቮልቱ ባትሪ ነው። የኤሌክትሪክ መኪናም እንደ ኮሮላችን 12 ቮልት አላት፤ በሩን፣ ስክሪኑን፣ ኮምፒውተሩንና ትልቁን ባትሪ የሚያገናኘውን መክፈቻ የሚያነሣው እሱ ነው። መኪናዋ ለሳምንታት ስትቆም ወይም ባትሪው ሲያረጅ ይደክማል። በመመሪያ መጽሐፏ ላይ የሚገኝበት ቦታና የሚሞላበት ሥርዓት ተጽፏል። በእሷ 12 ቮልት የጎረቤት መኪና ማስነሣትን ግን ብዙ አምራቾች ይከለክላሉ፤ ጎረቤታችሁ ቢቀየምም እምቢ በሉ። ትንሹ ባትሪ ተሞልቶም ካልነቃች ለባለሙያው ደውሉና የትኛውን ገመድ የት እንደያዛችሁ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ ንገሩት፤ ስክሪኑ ላይ የታየውንም ምልክት በስልካችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩለት።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ስለ ጎማ ንፋስ መጠን፣ ስለ ጭነትና ስለ ረጅም ጉዞ እናወራለን።